በርክክብ ቅጽ ላይ የማይጻፈው

ገርጂ፣ ማታ ሦስት ሰዓት። እራት ተነስቷል፤ እናቱ ሳሎን ቁጭ ብለው ዜና ይከታተላሉ። ጓደኛዬ መኝታ ቤቱ ጥግ ካለችው ጠባብ ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፑን ከፍቶ ስብሰባው እስኪጀመር ይጠብቃል። ቶሮንቶ ያሉት ባልደረቦቹ ገና ከምሳ መመለሳቸው ነው፤ ሊዝበን ያለችው አለቃው የቀኑን ሥራ እየዘጋች ነው። ለስድስት ወር ከቶሮንቶው ቡድን ጋር እንዲሠራ መመደቡን የሚገልጽ ደብዳቤ ደርሶታል። ቪዛ የለም፣ ትኬት የለም፣ የቤት ኪራይ ድጎማ የለም። ከገርጂ ሳይነቃነቅ ካናዳ ተመድቧል።

ሥራው የኩባንያውን የደንበኞች ሒሳብ የሚያሰላ ፕሮግራም ማደስ ነው። በሁለተኛው ሳምንት እንግዳ የሆነችበት አንዲት መስመር ላይ ደረሰ። ከመስመሯ በላይ አጭር ማስታወሻ አለ፦ "ይህን አትንኩ።" ለምን እንደሆነ አልተጻፈም። የጻፈው ሰው ኩባንያውን ከለቀቀ ሦስት ዓመት አልፎታል። ጓደኛዬ ሰነዶቹን ሁሉ አገላበጠ፤ ምንም የለም። በመጨረሻ ሁለት መቶ ሰው በሚያነበው የጋራ መልእክት ሰሌዳ ላይ ጥያቄውን ጻፈና ከመላኩ በፊት ደግሞ አነበበው። ከዚያ አጠፋው።

"ይህን እንኳ ሳያውቅ ነው እንዴ የተመደበው እንዳይሉኝ ብዬ ነው" አለኝ በማግስቱ። መስመሯን ሳይነካ አለፋት።

እኛ አገር አንድ ሠራተኛ ሲለቅ ወይም ሲዛወር ርክክብ ይደረጋል። ቅጹን የሞላ ሰው ያውቀዋል፤ ጠረጴዛ 1፣ ተሽከርካሪ ወንበር 1፣ የብረት ካቢኔ ከነቁልፉ 1። አስረካቢ ይፈርማል፣ ተረካቢ ይፈርማል፣ ንብረት ክፍል ማህተሙን ያሳርፋል። ሰውየው በአሥራ አምስት ዓመት ያካበተው ግን በቅጹ ላይ ቦታ የለውም። የትኛው አቅራቢ ቃሉን እንደማያከብር፣ የትኛው ደብዳቤ ለምን በሁለት ኮፒ እንደሚወጣ፣ ማሽኑ ሲያስቸግር በየት በኩል ገፋ እንደሚደረግ የሚያውቀው እሱ ነው። ወንበሩን አስረክቦ ያንን ይዞት ይሄዳል። "ልምድ ልውውጥ" የሚባለው ነገርም ቢሆን ብዙዎቻችንን የሚያስታውሰን አበልና የቡድን ፎቶ ነው።

ዓለም አቀፍ ኩባንያዎች ይህን ችግር ለረጅም ጊዜ የፈቱት በሻንጣ ነበር። የሚያውቀውን ሰው ከነቤተሰቡ ያነሱና የማያውቁት ሰዎች አጠገብ ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት ያስቀምጡታል። ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ ቦሌ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1945 መጨረሻ (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከአሜሪካው ቲደብልዩኤ አየር መንገድ ጋር በተደረገ ስምምነት ተቋቋመ፤ ኤፕሪል 8 ቀን 1946 የመጀመሪያው በረራ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ሄደ። በዚያን ጊዜ አብራሪው አሜሪካዊ፣ የጥገና ኃላፊው አሜሪካዊ፣ ሥራ አስኪያጁም አሜሪካዊ ነበር። ኢትዮጵያዊው ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ አውሮፕላን ማዘዝ የጀመሩት በ1957 ነው። ኮሎኔል ስምረት መድኀኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ የሆኑት ደግሞ በ1971 ነው።

የአውሮፕላኑ ማኑዋል የመጣው ከአውሮፕላኑ ጋር ነው። እንግሊዝኛ ማንበብ የሚችል ሰውም በአዲስ አበባ አልጠፋም። ታዲያ ያ ሃያ አምስት ዓመት ምን ሲሠራበት ቆየ? ውልም፣ ገንዘብም፣ ፖለቲካም ድርሻ ነበራቸው። ትልቁ ክፍል ግን፣ በእኔ ግምት፣ አንዱ ከሌላው ጎን ቆሞ ሲያይና ሲሰማ ያለፈ ጊዜ ነው። ሞተሩ ሲያጓራ አንጋፋው ፊቱን ሲያጨማድድ ጀማሪው ያያል፤ ያ ፊት በማኑዋሉ ውስጥ የለም። ዛሬ አየር መንገዱ ራሱ ላኪ ሆኗል። ሎሜ ላይ አስካይ አየር መንገድ በ2010 በረራ ሲጀምር ዕውቀቱን ይዞ የሄደው ከአዲስ አበባ ነው።

አሁን ሻንጣው እየቀረ ነው። ምክንያቱ ብዙ አያነጋግርም። ሠራተኛን ከነቤተሰቡ አንስቶ ውጭ አገር ማኖር ውድ ነው፤ ቤት፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ የዓመት ፈቃድ ትኬት አለ። የትዳር ጓደኛ ሥራውን ትቶ መከተል አይፈልግም። በ2020 ወረርሽኙ ሁሉንም ቤቱ ሲያስቀምጠው ደግሞ "ካለህበት ሆነህ ሥራ" የሚለው አማራጭ እንደሚቻል ታየ። የሰው ኃይል ክፍሎች የመጀመሪያ ጭንቀታቸው ግብር ሆነ፤ ምክንያቱም አንድ ሰው በአንድ አገር ከ183 ቀን በላይ ከተቀመጠ ብዙ አገሮች እንደ ነዋሪ ቆጥረው ግብር ይጠይቁታል። የጡረታ መዋጮ የት ይከፈል የሚለውም ነገር አለ። በአውሮፓ ከጁላይ 2023 ጀምሮ ስምምነቱን በፈረሙ አገሮች መካከል ድንበር ተሻግሮ ከቤቱ የሚሠራ ሰው፣ በቤቱ የሚያሳልፈው ከሥራ ጊዜው ግማሽ በታች ከሆነ በአሠሪው አገር የማኅበራዊ ዋስትና ሥርዓት ውስጥ መቆየት ይችላል። ይህ ሁሉ ጠበቃና የሒሳብ ባለሙያ ተቀምጠው የሚጨርሱት ጉዳይ ነው። "ይህን አትንኩ" የምትለዋን መስመር የሚጨርሳት ጠበቃ ግን የለም።

በጽሑፍ የማይያዝ ዕውቀት እንዴት እንደሚተላለፍ ቀድመው በቅርበት ካዩት ሰዎች አንዱ ኮምፒውተር ወይም ማኔጅመንት ያጠና አልነበረም። አንትሮፖሎጂስት ነው። ፎቶ ኮፒ ማሽን የሚሠራው ዜሮክስ ኩባንያ ካሊፎርኒያ ውስጥ ፓሎ አልቶ ላይ "ፓርክ" የሚባል የምርምር ማዕከል ነበረው። ጁሊያን ኦር በ1980ዎቹ ከዚያ ተነስቶ የኩባንያውን የጥገና ሠራተኞች መከተል ያዘ። ሥልጠናቸውን ወሰደ፣ በመኪናቸው አብሯቸው ዞረ፣ አብሯቸው በላ። በ1996 ያሳተመው መጽሐፍ ስሙ ራሱ ስለ ማሽን ማውራት ነው።

ኩባንያው ሥራውን የሚያስበው እንዲህ ነበር፦ ማሽኑ ሲበላሽ የስህተት ቁጥር ያወጣል፤ ቴክኒሺያኑ ቁጥሩን ማኑዋሉ ላይ ይፈልጋል፤ እርምጃ አንድ፣ እርምጃ ሁለት እያለ ይሄዳል፤ ማሽኑ ይድናል። ኦር ያየው ሌላ ነው። ቁጥሩ አንድ ነገር ይላል፣ ሕመሙ ሌላ ቦታ ይገኛል። ያኔ ቴክኒሺያኑ ማኑዋሉን አስቀምጦ ጓደኛውን ይጠራል። ሁለቱ ማሽኑ ፊት ቆመው ተረት ይጀምራሉ፤ "ባለፈው ዓመት እዚያ ቢሮ ያለችው እንዲህ ስትል ነበር፣ ጥፋተኛው ኃይል ማስተላለፊያው ሆኖ ተገኘ።" ሌላው ያስታውሳል፣ ያሻሽላል፣ ይቃወማል። ከብዙ ወሬ በኋላ ከአንዱ ታሪክ ጋር የሚገጥም ምልክት ይገኛል። ጠዋት ቁርስ ቤት ተሰብስበው የሚያወሩትም ይኸው ነው። ከላይ ሆኖ የሥራ ሰዓት ለሚቆጥር ሰው ቁርስ ቤት የተቀመጠ ቴክኒሺያን ሥራ ፈት ይመስላል። ኦር ግን ትምህርት ቤቱ ያ ጠረጴዛ መሆኑን አየ፤ የጀብዱ ወሬያቸው ኩባንያው የሌለው ማኑዋል ነበር።

ቡና የሚጠጣ ሕዝብ ይህን ለመቀበል ብዙ ማስረጃ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

የፓርክ ሰዎች ቀጥለው ያደረጉት እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። ዴንቨር ከተማ ላሉ ቴክኒሺያኖች ወሬውን ያስቆማል የተባለ ሥርዓት አላመጡባቸውም፤ የሚያወሩበት መገናኛ ሬዲዮ ሰጧቸው። ሬዲዮው ሁልጊዜ ክፍት ነው። አንዱ ከከተማው ጫፍ ማሽን ፊት ተንበርክኮ "እንዲህ ሆነብኝ" ሲል ሌሎቹ መኪና እየነዱ ይሰማሉ፤ የሚያውቅ ይመልሳል። በዚህ ከሁሉ የተጠቀመው ጠያቂውም መላሹም አይደለም፣ ዝም ብሎ ያዳመጠው ጀማሪ ነው። ያልጠየቀውን ጥያቄ መልስ ሰማ። አለማወቁን ማንም ሳያውቅበት አወቀ። ሲበረታ ደግሞ ራሱ ጣልቃ ገብቶ መናገር ጀመረ።

ሬዲዮ ግን ከአንድ ከተማ አያልፍም፤ የተወራውም ነፋስ ይወስደዋል። ስለዚህ በ1990ዎቹ መጀመሪያ "ዩሬካ" የሚባለው ሥራ በፈረንሳይ ተሞከረ። ፈረንሳዮች ያኔ ኢንተርኔት ሳይስፋፋ በየቤቱ በስልክ መስመር የሚሠራ ሚኒቴል የሚባል መሣሪያ ነበራቸው፤ ቴክኒሺያኖቹ በእሱ ገብተው ያገኙትን መላ ይጽፋሉ። ምልክቱ ይህ ነው፣ ምክንያቱ ይህ ነው፣ መፍትሔው ይህ ነው። ከመውጣቱ በፊት አንጋፋ ቴክኒሺያኖች ይመረምሩታል። ከዚያ ከነጸሐፊው ስም ይወጣል።

ስሙ ላይ ትንሽ ልቆይ። ለጻፈ ሰው ገንዘብ እንስጥ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ቴክኒሺያኖቹ ራሳቸው አልወደዱትም። ገንዘብ ከመጣ ሰው ብዛት ይቆጥራል እንጂ ጥራት አያይም ብለው ፈሩ። ስማችን ይጻፍልን አሉ። ፍርሃታቸው ከንቱ አልነበረም። የጀርመኑ ሲመንስ በ1999 "ሼርኔት" የሚባል የዕውቀት መለዋወጫ ለቴሌኮም ክፍሉ ሲከፍት ለሚያካፍል ሰው በሽልማት የሚመነዘር ነጥብ ሰጠ። ጽሑፉ ጎረፈ፤ ከጎረፈው ውስጥ እህሉን ከገለባው መለየት ሌላ ሥራ ሆኖ መጣ። የዜሮክሶቹ ስም ሁለት ነገር አብሮ ይሠራል፤ ክብር ነው፣ ተጠያቂነትም ነው። የማይሠራ መላ የጻፈ ሰው በሺዎች ዘንድ ይታወቃል፤ ጥሩ የጻፈ ደግሞ አይቶት ከማያውቅ ሰው ምስጋና ይደርሰዋል።

ዩሬካ ወደ ካናዳ፣ ከዚያም ወደ አሜሪካና ወደ ሌሎች አገሮች ተስፋፋ። ከዚያ ዘመን የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ብራዚል ውስጥ አንድ ትልቅ የቀለም ማሽን አልሠራ ብሎ ደንበኛው ተማሯል፤ ማሽኑን መቀየር ወደ 40,000 ዶላር ያስወጣል። ቴክኒሺያኑ እጁን ሊሰጥ ሲል ዩሬካን ከፈተና ሞንትሪያል ያለ ባልደረባው የጻፈውን መላ አገኘ። የተበላሸው 50 ሳንቲም የምታወጣ ፊውዝ ነበረች። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ኩባንያ ደመወዝ ከመብላት በቀር የሚያገናኛቸው ነገር አልነበረም።

የርቀት ምደባን የሚያደራጁ ሰዎች ይህን ታሪክ ሲሰሙ ወዲያው የሚያስቡት የመረጃ ቋት መግዛት ነው። ከፊቱ የነበረው ቁርስና ሬዲዮ ይዘለላል።

ጋብርኤል ሹላንስኪ የሚባል ተመራማሪ በ1996 ባወጣው ጥናት በ8 ኩባንያዎች ውስጥ 122 የአሠራር ሽግግሮችን መርምሯል። በአንዱ ቅርንጫፍ ጥሩ የሚሠራ ነገር ለምን በሌላው አይያዝም ነው ጥያቄው። የተለመደው መልስ ሰው ዕውቀቱን ይደብቃል ወይም የሌላውን ይንቃል የሚል ነበር። እሱ ያገኛቸው ትልልቅ እንቅፋቶች ግን ሌሎች ናቸው፦ ተቀባዩ ነገሩን የሚያኖርበት መሠረት አይኖረውም፤ አሠራሩ በመጀመሪያው ቦታ ለምን እንደሚሠራ ላኪውም በትክክል አያውቅም፤ በላኪና በተቀባይ መካከል ያለው ግንኙነት ሻካራ ይሆናል። ሁለተኛውን ሳነብ የገርጂዋ ማስታወሻ ትዝ አለችኝ። ሰውየው ምክንያቱን ደብቆ አይደለም የሄደው፤ ያኔ ለሁሉም ግልጽ ስለነበር አልጻፈውም።

ሻንጣም ብቻውን መድኃኒት እንዳልሆነ ለማየት ካሊፎርኒያ ውስጥ ፍሬሞንት የሚባል ከተማ መሄድ ነው። ጄኔራል ሞተርስ እዚያ የነበረውን የመኪና መገጣጠሚያ በ1982 ዘጋው፤ ሠራተኛው የሚቀር፣ የሚጠጣ፣ ከአለቃ ጋር የሚጣላ ተብሎ ስሙ የጠፋ ነበር። ከቶዮታ ጋር በሽርክና በ1984 ሲከፈት አብዛኞቹ የተቀጠሩት እነዚያው ሰዎች ናቸው። መሪዎቻቸው በየተራ ጃፓን፣ ቶዮታ ከተማ ተላኩ። በሥልጠና የተነገራቸውን ብዙ ነገር ረስተውት ይሆናል፤ አንድ ነገር ግን አልረሱም። ሠራተኛ ሲቸግረው ከራሱ በላይ ያለውን ገመድ ይስባል፣ አለቃው እየሮጠ ይመጣል፣ "ምን ላግዝህ" ይላል። በፍሬሞንት የድሮ ዘመን መስመሩን ማስቆም ከሥራ የሚያሳጣ ነበር። ከተመለሱ በኋላ ያው ሰው፣ በዚያው ጣሪያ ሥር፣ በአሜሪካ ካሉት ምርጥ ጥራት ያላቸውን መኪኖች መሥራት ጀመረ።

ዕውቀቱ ውቅያኖስ ተሻገረ። ከፍሬሞንት ወደ ሌሎቹ የጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካዎች ግን መሻገር አቃተው። ኩባንያው አሠራሩን ተምረው እንዲያሰራጩ አሥራ ስድስት ተስፋ የተጣለባቸው ኃላፊዎችን መድቦ ነበር። ተማሩ፤ ሲመለሱ ግን እያንዳንዳቸው በየፋብሪካው ብቻቸውን ተበተኑ፤ የሚሰማቸው አላገኙም። ከሁሉ የሚገርመው አንድ ኃላፊ የሰጠው ትእዛዝ ነው፦ ፍሬሞንት ሄዳችሁ እያንዳንዱን ስንዝር ፎቶ አንሱና የእኛን ፋብሪካ እንደዚያው አድርጉት። ገመዱ በፎቶው ላይ ይታያል። ገመዱ ሲሳብ እየሮጠ የሚመጣው አለቃ አይታይም። ጄኔራል ሞተርስ ጁን 1 ቀን 2009 ለኪሳራ ጥበቃ ፍርድ ቤት ገባ፤ በቀጣዩ ዓመት ኤፕሪል የፍሬሞንቱ ሽርክና ፋብሪካ ተዘጋ። ዛሬ ቴስላ መኪና የሚሠራበት ግቢ ነው።

ወደ ላፕቶፑ እንመለስ። ማይክሮሶፍት በ2020 የመጀመሪያ ስድስት ወራት የ61,182 አሜሪካ የሚገኙ ሠራተኞቹን የግንኙነት መረብ አስጠንቶ ነበር። ሁሉም ከቤት መሥራት ሲጀምር ሰዎች ቀድሞ ከሚያውቋቸው ጋር ይበልጥ ተጣበቁ፤ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው የሚያሻግሩት ቀጫጭን ድልድዮች ተመናመኑ። በአንድ ትልቅ ኩባንያ የሶፍትዌር መሐንዲሶች ላይ የተሠራ ሌላ ጥናት ደግሞ ከቡድናቸው ጋር በአንድ ሕንፃ የሚቀመጡት፣ ጥቂት መንገድ ተራርቀው ከሚቀመጡት ይልቅ በሥራቸው ላይ ብዙ አስተያየት እንደሚያገኙ አሳየ፤ በተለይ ወጣቶቹና ሴቶቹ። ዋጋውን የሚከፍሉት አንጋፋዎቹ ናቸው፤ ሲያስተምሩ የራሳቸው ሥራ ይቀንሳል። ይህን የሚሸሽግ አለቃ ሐቀኛ አይደለም። ማስተማር በደመወዝ ውስጥ ካልተቆጠረ፣ ርቀት ለአንጋፋው እረፍት ነው።

በተቃራኒው ጥግ ጊትላብ አለ። ቢሮ የሌለው ኩባንያ ነው፤ ሠራተኞቹ ከ60 በላይ አገሮች ተበትነው ይሠራሉ፤ በ2021 አክሲዮኑ በናስዳክ ገበያ ቀርቧል። ሕጉ ቀላል ነው፦ ሁሉም ነገር መጀመሪያ በመመሪያው ይጻፍ፣ ጥያቄ ሲመጣ መልሱ የመመሪያው ገጽ ይሁን። መመሪያው ቢታተም ከ2,000 ገጽ ያልፋል፤ ለማንም ክፍት ነው። አደንቃቸዋለሁ። መጻፍ ባህል የሆነበት ቦታ ሰው ሲለቅ ብዙ አይጠፋም። ያም ሆኖ መመሪያ የሚረዳው ምን እንደሚጠይቅ ላወቀ ሰው ነው። ያላወቀው ሬዲዮ ያስፈልገዋል።

ለእኛ ሰው ሌላም ነገር ይጨመራል። ይሉኝታ። ጓደኛዬ ያንን ጥያቄ ከሰሌዳው ሲያጠፋ ያደረገው ነገር የብዙዎቻችን ነው፤ በአደባባይ አልጠይቅም፣ ለአንዱ ለብቻው በውስጥ እልካለሁ። መልሱ ይገኛል፤ ግን ለአንድ ሰው ብቻ የተሰጠ መልስ ሆኖ ይቀራል። ነገ ሌላው ያንኑ ለብቻው ይጠይቃል። ሩቅ ያለ አለቃ ዝምታውን አይቶ "ገብቶታል" ይላል፤ ወይም ደግሞ "ፍላጎት የለውም" ይላል። በሁለቱም ተሳስቷል።

ባህላችን ይከለክለናል እንዳልል ቅኔ ቤት አለብኝ። ተማሪው ብቻውን ራቅ ብሎ ቅኔውን ይቆጥርና ተመልሶ ጓደኞቹ ባሉበት ለየኔታ ይነግራል። ቤት ሳይመታለት ሲቀር፣ ምሥጢሩ ሲሳሳበት የኔታ ያርሙታል፤ ተሰብስበው የተቀመጡት ይሰማሉ። በአንዱ ስህተት አሥሩ ይማራል። ማንም አያፍርም ማለቴ አይደለም፤ ግን ነገ ተራው የሌላው መሆኑን ሁሉም ያውቃል። የሥራ ቡድን መሪ ከዚህ የሚወስደው ነገር አለ፦ መጀመሪያ ራሱ በአደባባይ ይሳሳት፣ ራሱ "ይህ አልገባኝም" ብሎ ይጻፍ። አለቃው ያልደፈረውን ገርጂ ያለ አዲስ ሰው አይደፍረውም።

የጓደኛዬ ቡድን ይህን በምን እንደፈታው ስጠይቀው ሳቀ። ሊዝበን ያለችው አለቃው ሐሙስ ሐሙስ ለሁለት ሰዓት አንድ የድምፅ መስመር ክፍት እንዲሆን አደረገች። አጀንዳ የለውም፣ ቃለ ጉባኤ የለውም፣ መናገርም ግዴታ አይደለም። ሁሉም የየራሱን ሥራ ይሠራል፤ የቸገረው ጮክ ብሎ ያስባል። ስለ ዴንቨር ሰምታ ታውቅ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚሰማው የቁልፍ ሰሌዳ ኳኳታና አንድ ጊዜ ደግሞ የገርጂ ውሻ ብቻ ነበር።

በአራተኛው ሐሙስ ሁለት የቶሮንቶ ባልደረቦቹ ስለ አንድ ሌላ ጉዳይ ሲከራከሩ አንደኛው እንደ ዋዛ፣ "እንደዚያ እንደ ድሮው ደንበኛ እንዳይሆንብን" አለ። ሌላው ሳቀ። ጓደኛዬ የላፕቶፑን ድምፅ ከፍ አደረገ። በወሩ የመጨረሻ ቀን ሳይሆን በሃያ አምስተኛው ሒሳቡን የሚዘጋ አንድ ትልቅ ደንበኛ ነበር፤ ለእሱ ሲባል አንድ መስመር ተጨመረ፤ ደንበኛው ከሄደ ቆይቷል፤ መስመሯ ግን ሌላ ሁለት ስሌት ስለተደገፈባት ብትነሳ የሁሉም ደረሰኝ ይዛባል።

ጓደኛዬ ማይክሮፎኑን ከፍቶ የትኛዋ መስመር እንደሆነች ጠየቀ። ነገሩት። ያንኑ ማታ ፋይሉን ከፍቶ "ይህን አትንኩ" ከሚለው ሥር አራት መስመር ማብራሪያ ጻፈ፤ መጨረሻው ላይ ቀኑንና ስሙን አስቀመጠ። ስሙን በላቲን ፊደል ጽፎ ሲያበቃ ከአጠገቡ በግዕዝ ፊደል ደገመው። እናቱ ሳሎን ሆነው ቴሌቪዥኑን እያጠፉ፣ "አሁንም አልጨረስክም?" አሉት።